ምሥጢርን መጠበቅ ባልንጀራን መጠራጠር ነውን?

ሰው ከሰው ጋራ ለመኖር ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛው መተማመን፥ ሁለተኛው መጠንቀቅ ነው። መተማመን ከሌለ ገበያ አይቆምም፥ ማኅበር አይጠጣም፥ ልጅም ለመምህር አይሰጥም። መጠንቀቅ ከሌለ ደግሞ ገበያው የቀማኛ፥ ማኅበሩም የአታላይ መጫወቻ ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ እንደ ጣውንቶች ሲጣሉ ይታያሉ። የሚጠነቀቀውን ሰው «ይህ ክፉ ጠርጣሪ ነው» ይሉታል፤ የሚያምነውንም «ይህ የዋህ ሞኝ ነው» ይሉታል። በዛሬው ጽሑፌ ይህን ጠብ ለማስታረቅ እሞክራለሁ። ምሳሌውን የምወስደው በዘመናችን ወጣቶች እጅ ከገባው፥ በኮምፒዩተር ላይ ከሚጫነው የክሪፕቶ ገንዘብ ቦርሳ ነው። ክቡራን አንባብያን ይህ የልጆች ወሬ ነው ብለው እንዳያልፉት እለምናለሁ፤ ነገሩ የገንዘብ ቢመስልም ጥያቄው የጠባይ ነውና።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በደብረ ታቦር የሆነ አንድ ጉዳይ ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ፥ በፋርጣ ገጠር፥ ልጆች የሚያስተምር ዘመድ አለኝ። በውጭ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ የእናታቸውን ሣር ቤት በቆርቆሮ ለማስከደን የሚበቃ ገንዘብ አጠራቅሞ፥ በዚህ በአዲሱ መንገድ ሊልክለት አሰበ። መምህሩ ሕጉ ምን እንደሚል አልጠየቀም፤ ነገሩን በራሱ እጅ ለመሥራትም ዕውቀቱ አልነበረውም። ስለዚህ ለገበያ ወደ ከተማ በወጣ ጊዜ ላፕቶፑን ይዞ ወደ አንድ የስልክና የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቅ ገባ። በሱቁ ያገኘው ወጣት ትሑትና ሥራ ዐዋቂ ነበረ። ቦርሳውን ጫነለት፤ 12ቱ የምሥጢር ቃላት በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ በወጡ ጊዜም «ጋሼ፥ እነዚህ ቃላት ከጠፉ ገንዘቡም ይጠፋልና፥ እንዳይቸገሩ እኔ በደብተሬ እይዝልዎታለሁ» አለው። መምህሩም አመሰገነው፤ የድካሙን ዋጋ ከፍሎ፥ መርቆት ወጣ።

ከሦስት ወር በኋላ ገንዘቡ በአንድ ሌሊት ተጠርጎ ሄደ። መምህሩ ወደ ሱቁ በደረሰ ጊዜ ወጣቱ ደነገጠ፤ ማለም፤ ደብተሩንም አውጥቶ አሳየው። ደብተሩ ግን ስልክ የሚያስጠግነው ሁሉ እጁን በሚያሳርፍበት መደርደሪያ ላይ ሲውል ሲያድር የኖረ ነበረ፤ ቃላቱም ከመምህሩ ስም ጋራ በግልጥ ተጽፈውበታል። በሱቁ የሚሠሩ ሌሎችም ነበሩ፤ ገቢና ወጪውም ብዙ ነው። ሽማግሎች ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አባት ወጣቱን ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፥ ሰርቀሃል እንዳንልህ ያየነው የለም፤ ንጹሕ ነህ ብለን እንዳናሰናብትህም የምንምልበት የለንም» አሉት። ነገሩ በዚያው ቀረ። ወጣቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራውን ትቶ ከተማውን ለቀቀ። የመምህሩ እናት ቤትም እስከ ዛሬ ሣር እንደ ለበሰ ነው።

መምህሩን «ቃላቱን በሌላ ሰው ደብተር ስታስጽፍ ምነው ልብህ አልከለከለህም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ደግ የሠራልኝን ልጅ በፊቱ እንዴት ልጠርጥረው?» ብሎ መለሰልኝ። ይህ መልስ የብዙዎቻችን መልስ ነውና ሊመረመር ይገባዋል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፥ አስቀድሜ ይህ ቦርሳ የሚሉት ነገር ምን እንደ ሆነ ላስረዳ።

ስሙ ቦርሳ ይባል እንጂ በውስጡ ገንዘብ የለም። ገንዘብ የሚባለው ነገር በዓለም ሁሉ በተበተኑ ብዙ ኮምፒዩተሮች፥ በሁሉም ዘንድ አንድ ዐይነት ሆኖ በተጻፈ መዝገብ ላይ ያለ ቍጥር ነው። መዝገቡ የሰው ስም አይጽፍም፤ ከዚህ አድራሻ ወደዚያ አድራሻ ይህን ያህል ተላለፈ ብቻ ይላል። በቦርሳው ውስጥ የሚጠበቀው ቍልፉ ነው፤ ቍልፉም እንደ ባለሥልጣን ማኅተም ሆኖ «ይህን ያዘዝሁ እኔ ነኝ» እያለ ያትማል። ከቦርሳዎቹ ብዙዎቹ ክሮምንና ፋየርፎክስን በመሰሉ የድረ ገጽ ማሰሻዎች ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው፤ እነዚህንም ቅጥያ፥ ወይም እንደ ፈረንጆቹ ኤክስቴንሽን ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሜታማስክ የተባለው ከነዚህ መካከል እጅግ የታወቀ ነው።

ቍልፉ ሰው በቃሉ ሊይዘው የማይቻል ረጅም ቍጥር ስለ ሆነ፥ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ሥርዓት መሠረት፥ ከ2048 ቃላት መካከል በዕጣ የወጡ 12 ወይም 24 ቃላት በተራ ተሰድረው እንዲወክሉት ተደረገ። ቃላቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ፥ ትርጓሜያቸውም ድልድይ፥ ሎሚ፥ ክረምት እንደሚል ያለ ተራ ነገር ነው። ነገር ግን እነዚህን ቃላት በተራቸው ያወቀ ሰው በደብረ ታቦርም ይሁን በሩቅ ምሥራቅ ቦርሳውን በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ እንደ አዲስ ሊከፍተው ይችላል። ፓስወርድ የሚሉት የይለፍ ቃል ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ የሚዘጋው በዚያ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ያለውን በር ብቻ ነው። እንግዲህ ቃላቱን የሚጠይቅህ ሰው ከገንዘብህ ጥቂቱን አሳየኝ ማለቱ ሳይሆን ሁሉን ስጠኝ ማለቱ ነው፤ ይህንም ሁሉ የሚሰጠው ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ከባንክ የሚለይበትን ነገር ደግሞ እንይ። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ጕድለት ምክንያት ብዙ ሰዎች፥ ከነርሱም መካከል ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ሲያወጡ አደሩ። ባንኩ ግን የእያንዳንዱን ሰው ስምና ሒሳብ ያውቅ ነበርና መልሱ ብሎ ጠራቸው፤ ያልመለሱትንም በስማቸው ገለጠ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረ ከተነገረው ገንዘብ አብዛኛው ተመለሰ። በክሪፕቶ ቦርሳ ዘንድ ግን የሚጠራ የለም፤ የሚጠራበትም ስም የለም። በመዝገቡ ላይ አንድ ጊዜ የታተመ ትእዛዝ በስሕተትም ይሁን በስርቆት ቢሆን ወደ ኋላ አይመለስም። በባንክ ቤት ግምጃ ቤቱን የሚጠብቅ ሌላ፥ ሒሳቡን የሚጽፍ ሌላ፥ ክርክሩንም የሚሰማ ሌላ ነው። ይህን ቦርሳ የሚጭን ሰው ግን ሦስቱንም ሹመት በአንድ ቀን ብቻውን ይሾማል፤ መሾሙንም ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ወጣቶቻችን ወደዚህ ሹመት የገቡበት በር ደግሞ ለማስተዋል ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ሀምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ በተስፋፋ ጊዜ ብዙዎች ሀብት እናገኛለን ብለው ሌሊትና ቀን ስልካቸውን በጣታቸው ሲመቱ ሰንብተው ነበር። በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ድርሻው በታደለ ጊዜ ለብዙዎቹ የደረሳቸው ከድካማቸው ጋራ የማይመዛዘን ጥቂት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ግርግር ባለበት ሁሉ «ድርሻህን ለመቀበል ይህን ቦርሳ ጫን፥ ፍጠን፥ ዛሬ ይዘጋል» የሚል ጥሪ ካልታወቀ ሰው መምጣቱ አይቀርም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው፥ ያልያዘውን ሊይዝ የሚጣደፍ ሰው የያዘውን ይለቃል። ሌባ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው የሰውን ችኮላ ነው።

የሌቦቹንም ብልሃት ማወቅ ይገባል። በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም. ጕግል የታወቁ ቦርሳዎችን ስምና መልክ ለብሰው የተሠሩ 49 ሐሰተኛ ቅጥያዎችን ከክሮም መደብሩ አስወግዷል። ሥራቸው አንድ ነበረ፤ ባለቤቱ የምሥጢር ቃላቱን በጻፈባቸው ጊዜ ቃላቱን ወደ ሌባው ይልካሉ። በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በፋየርፎክስ መደብር ከ150 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ቅጥያዎች መገኘታቸው ተገለጠ። የእነዚህ ተንኰል የረቀቀ ነበረ። መጀመሪያ ምንም ጕዳት የሌለበትን ፕሮግራም አስገብተው መልካም ምስክርነት እንዲጻፍለት ያደርጋሉ፤ ምስክርነቱ ከበዛ በኋላ ስሙንና ሥዕሉን ወደ ታወቀ ቦርሳ ይለውጣሉ፤ ውስጡንም መርዝ ይሞሉታል። ከሺህ ሰው የተሰጠ ኮከብ ሲያይ «ይህን ያህል ሰው አይሳሳትም» የሚል ገዢ፥ ምስክሮቹ የመሰከሩት ስለ ሌላ ነገር እንደ ሆነ አያውቅም። በታኅሣሥ ወር 2018 ዓ.ም. የሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደነግጣል። ትረስት ዋሌት የተባለው የታወቀ ቦርሳ፥ ሐሰተኛው ሳይሆን እውነተኛው ቅጥያ፥ በአንድ እትሙ ላይ ሌቦች ክፉ ነገር አስገብተውበት ወደ 8.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚገመት ገንዘብ ከባለቤቶቹ ተወሰደ። ኩባንያው የጠፋውን እከፍላለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ሆኖም ከእውነተኛው በር የገባ ሰው እንኳ ዐይኑን መክደን እንደማይገባው ይህ ነገር አስተማረ።

አያቶቻችን ይህን ፈተና አያውቁትም ማለት አይደለም። በይፋግ ገበያ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር በሚመነዘርበት ዘመን ነጋዴው ብሩን በጣቱ አገላብጦ ሳያይ አይቀበልም ነበር። በማርያ ትሬዛ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ዕንቈች ይቈጥራል፤ ዘውዷንም ይመረምራል፤ አንድ ዕንቍ ከጐደለ ወይም ከደበዘዘ ብሩን ይመልሳል። ሻጩም በዚህ አይቀየምም፤ ነገ እርሱም ገዢ ሲሆን እንዲሁ ያደርጋልና። መመርመር የገበያ ሥርዓት ነበረ እንጂ ስድብ አልነበረም። ነገር ግን መልክን ብቻ መመርመር የማይበቃበት ጊዜም መጣ። ብሩ ሁሉ ምንም ዓመት ቢያልፍ 1780 የሚል ቍጥር የታተመበት ነው። ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በተሰናዳችበት ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1935፥ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ይህንኑ ብር በሮማ ማተም ጀመረች። የዚህ ብር ዕንቍ ሙሉ ነው፥ ዘውዱም ያው ነው፤ የመጣበት እጅ ግን የጠላት እጅ ነበረ። እንግዲህ ሁለት ጥያቄ አለ ማለት ነው፤ አንዱ «ምን ይመስላል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ከማን እጅ መጣ?» የሚል ነው። በኮምፒዩተር ዘንድ መልክን መቅዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለ ሆነ ፊተኛው ጥያቄ ዋጋው ቀንሷል፤ ኋለኛው ግን ከብዷል።

ይህንንም የጉና ልጅ ሁሉ ከወንዙ ይማረዋል። ርብና ጕማራ ከጉና ተራራ ይመነጫሉ፤ በምንጫቸው ዘንድ ጠጠሩ የሚቈጠርባቸው ጥሩ ውኃ ናቸው። ወደ ፎገራ ሜዳ በወረዱ ጊዜ ግን የስንቱን አፈር፥ የስንቱን ከብት ኮቴ ተሸክመው በክረምት ቡናማ ሆነው ይፈሳሉ። ስሙ ያው ርብ ነው፥ ውኃው ግን ያው አይደለም። ጥሩ ውኃ የሚሻ ሰው ወደ ምንጩ ይወጣል፤ ከምንጩም ቢሆን ሳያይ አይጠጣም።

በዚህ መንገድ ቦርሳውን በደኅና ለመጫን የሚሻ ሰው የሚያደርገው ይህ ነው። አስቀድሞ ቦርሳው በእርግጥ ያስፈልገው እንደ ሆነ፥ ሕጉም ምን እንደሚል ይጠይቅ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ ገንዘብ ብር መሆኑን አስታውሶ በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ያልተፈቀደ እንደ ሆነ አስታውቋልና። በውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም ነገሩ በተፈቀደበት ስፍራ የሚሠራ ሰውም ቢሆን ወደ ሠሪው ኩባንያ ድረ ገጽ አድራሻውን በገዛ እጁ ፊደል በፊደል ጽፎ ይሂድ። በቴሌግራም በተላከ ማስፈንጠሪያ ወይም በፍለጋ ገጽ አናት ላይ በሚወጣ ማስታወቂያ አይሂድ፤ ሌቦች ማስታወቂያውንም ይገዛሉና። ከኩባንያው ገጽ ወደ ማሰሻው መደብር ከደረሰ በኋላ የኮከቡን ብዛት ሳይሆን የአሳታሚውን ስም ይመልከት። ቅጥያው በሚጫንበት ጊዜ በምትጐበኛቸው ድረ ገጾች ሁሉ ያለውን ላንብብ ልለውጥም ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ምን ያህል ሰፊ ሥልጣን እንደ ሆነ አስተውሎ፥ በዚያ ማሰሻ ላይ ሌላ የማይጠቅም ቅጥያ ካለ ያንሣው፤ የሚቻል ከሆነም ለቦርሳው ብቻ የተለየ ማሰሻ ይመድብ። ሥራውንም በገዛ ኮምፒዩተሩ ይሥራ እንጂ በኢንተርኔት ቤት ወይም በጥገና ሱቅ ኮምፒዩተር አይሥራ።

የምሥጢር ቃላቱ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። ቃላቱን ቦርሳው ራሱ ያውጣቸው፤ «የተዘጋጁ ቃላት እነሆ» ብሎ የሚሰጥ ሰው ቍልፉን አስቀድሞ ለራሱ የቀረጸ ነውና ከርሱ አይቀበል። በወረቀት ላይ በገዛ እጁ ይጻፋቸው፤ ፎቶግራፍ አያንሣቸው፥ በቴሌግራምና በኢሜልም አያስቀምጣቸው፤ ስልክ ሲሰረቅ ወይም ሲጠገን ፎቶግራፉ አብሮ ይሄዳልና። ሣር ቤት እሳትና አይጥ አያጣውምና ወረቀቱን በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ያስቀምጥ። ብዙ ገንዘብ ከማግባቱ በፊት ጥቂት አግብቶ፥ ቦርሳውን አጥፍቶ፥ ከወረቀቱ ቃላቱን አንብቦ እንደ ገና ይክፈተው፤ ያን ጊዜ በስሕተት የጻፈው ቃል ቢኖር ጕዳቱ ጥቂት ሆኖ ይታወቃል። ከዚያም በኋላ አንድ ድረ ገጽ ፈርም ባለው ቍጥር ሳያነብ አይፈርም፤ አንዳንዱ ፊርማ ገንዘቡን ሁሉ ያለ ወሰን ለሌላ የሚፈቅድ ነውና። ገንዘቡ የበዛ ሰው ቍልፉን ከመረብ ውጭ በሚጠብቅ በተለየ ትንሽ መሣሪያ ቢያኖረው ይሻላል። እኔ የኩባንያው ሰው ነኝ፥ ልርዳህ ብሎ ቃላቱን የሚጠይቅ ሁሉ፥ ምንም ጨዋ አነጋገር ቢናገር፥ ሌባ ነው፤ እውነተኛ ረዳት ቃላቱ ፈጽሞ አያስፈልጉትምና።

አሁን ወደ መምህሩ መልስ እንመለስ። «ደግ የሠራልኝን ልጅ በፊቱ እንዴት ልጠርጥረው?» ብሎ ነበር። መምህሩ በዚያን ቀን «ልጄ፥ ቃላቱን እኔ እስክጽፋቸው ድረስ ፊትህን ወደዚያ አድርግልኝ» ቢለው ኖሮ ወጣቱ ለአንድ ደቂቃ ቅር ሊለው ይችል ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ግን ገንዘቡ በሌላ መንገድ ቢጠፋ እንኳ ወጣቱን ማንም አይጠራውም ነበር፤ የሚያውቀው የለምና። መምህሩ በጊዜው ላለመጠራጠር ብሎ የሠራው ሥራ ወጣቱን ለዘለቄታው በጥርጣሬ ውስጥ ጣለው። እርሱ ሰርቆ እንደ ሆነ ፈተናውን በፊቱ ያኖረለት መምህሩ ነው፤ ንጹሕ እንደ ሆነም ንጽሕናውን የሚያስረዳበትን መንገድ የዘጋበት መምህሩ ነው። በሁለቱም መንገድ ደግ የሠራለትን ልጅ በደለው። ስለዚህ እላለሁ፤ ምሥጢርን መጠበቅ ባልንጀራን መጠራጠር አይደለም፤ ባልንጀራን ከመጠርጠር ማዳን ነው። ገንዘብ ሲቀበሉ በሰጪው ፊት መቍጠር የቈየ ልማዳችን ነው፤ ሰጪውም ራሱ «ቍጠረው» ይላል። ይህን የሚለው ተቀባዩ እንዳይጐዳ ብቻ አይደለም፤ ኋላ ጐደለ ቢባል ስሙ እንዳይነሣ ነው።

ምናልባት አንድ ሰው «ቍልፉን ማንም እንዳያውቅ ካደረግሁ በሞቴ ጊዜ ገንዘቡ ከእኔ ጋራ አይቀበርምን?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ቃላቱ ከጠፉ ልጆቹም ዳኛም ሊከፍቱት አይችሉም። ለዚህም መድኀኒቱ የተከፈተውን ትቶ የተዘጋውን አደራ መስጠት ነው። ወረቀቱ በፖስታ ይታሸግ፤ በመታሸጊያው ላይ ባለቤቱ ይፈርምበት፤ ቤተ ሰቡም ፖስታው በማን ዘንድ እንዳለ ይወቅ። እንዲህ ያለውን አደራ የሚቀበል ሰው፥ ካህንም ይሁን ሽማግሌ፥ ፊርማው እንዳልተነካ ዘወትር ሊያሳይ ይችላል፤ ልቡም በሰላም ያድራል። ክቡራን ካህናት ሰው የልቡን የሚነግራችሁና የሚያምናችሁ ስለ ሆነ «አባ፥ ይህን ቃል ይያዙልኝ» የሚላችሁ ቢመጣ ክፍቱን ወረቀት እንዳትቀበሉ አሳስባለሁ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የተባለውን ሁላችን እናውቃለን፤ ጥብቅ የሚያደርገው ግን የተቀባዩ ታማኝነት ብቻ ሳይሆን የሰጪውም አሰጣጥ ነው።

ሌላም የምለው አለኝ። የተታለለውን ሰው መሳቂያ ማድረግ በከተሞቻችን እየበዛ ነው። የተሣቀበት ሰው ሁለተኛ አፉን አይከፍትም፤ እርሱ ዝም ባለ ቍጥር ሌላው በዚያው ጕድጓድ ይወድቃል። ከዚህም በላይ ኀፍረት የያዘው ሰው በሥውር መድኀኒት ይሻልና «የጠፋብህን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ፥ አስቀድመህ ጥቂት ክፈል» በሚል ሁለተኛ ሌባ እጅ ይወድቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፥ ከጅቡ በኋላ የሚጮኸው ውሻ ቢያንስ ለጐረቤቱ በረት ይጠቅማል። ስለዚህ የተጐዳ ይናገር፤ የሰማም ይስማ እንጂ አይሣቅ።

በመጨረሻም ሦስቱን ሹመት፥ የግምጃ ቤት ጠባቂውን፥ የጸሐፊውንና የዳኛውን፥ ብቻዬን ልሸከም አልችልም የሚል ሰው ካለ ይህን በማለቱ አይፈር። ዐቅምን ማወቅ ራሱ ጥበብ ነው፤ ገንዘቡን ሕግ በሚያውቀውና ስም በሚጽፍ ባንክ ዘንድ ያኑር። እችላለሁ የሚል ግን ሹመቱን ዐውቆ ይቀበል፤ በመንገድ ያገኘውን የዋህ ልጅ የሹመቱ ተካፋይ አያድርገው። ዘመዴ መምህር ባለፈው ጊዜ ሳገኘው የቆርቆሮውን ነገር አላነሣብኝም። «ያን ልጅ ያየው ሰው አለን?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እስከ አሁን ያየው የለም።